ሰዓቱን ማን ይሞላው ነበር?

እኔ በመንፈስ፣ በጥላ፣ በምናምን የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገርህ፣ ምክንያቱም ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው፣ ፎቶ አንሺ ደግሞ መንፈስ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃል። ፊልሙን ሳታዞር ካሜራውን ሁለት ጊዜ ብትጫነው ሙሽራው ትከሻ ላይ የማታውቃት ሴት ጉብ ብላ ትወጣልሃለች፣ እናትየው "የሞተችው እህቴ ናት!" ብላ እሪ ትላለች፣ እኔ በሆዴ እስቃለሁ። በደርግ ጊዜ፣ ቀበሌው ሁሉ መታወቂያ አውጡ ሲል፣ ከእንጭኒ እስከ ካቺሲ ጉርድ ፎቶ ያላነሳሁት ሰው የለም ብል አላጋነንኩም፣ እመነኝ፣ አንድም ቀን ካሜራዬ ውስጥ የማላውቀው ነገር ገብቶ አያውቅም ነበር።

መኪናዋን የገዛሁትም በዚያው በመታወቂያው ሰበብ ነው። ካሜራና መቆሚያ ተሸክሜ የጭነት መኪና ላይ መንጠልጠል ሰልችቶኝ ሳለ፣ ኦቦ ደበላ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሥራ ካቦ አሮጌ የእንግሊዝ መኪናቸውን ሊሸጡ ነው ሲባል ሰማሁ፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ስለጀመረ መንዳት ትተዋል። አምቦ፣ ግቢያቸው ድረስ ሄጄ አየኋት። አመድማ ናት፣ ዓይኗ ክብ፣ አገሩ በግራ በኩል ይነዳ በነበረበት ጊዜ ስለገባች መሪዋ በቀኝ ነው። ወንበሯ ተቀዷል፣ በሯ ሲከፈት ያለቅሳል፣ "ይቅርብኝ" ልል አፌን ስከፍት ዳሽቦርዷ ላይ ያለውን ሰዓት አየሁ።

ወዳጄ፣ ሰዓት ነው ብዬ ብቻ አላልፈውም። ክብ ነው፣ የስኒ ማስቀመጫ ያህላል፣ ገጹ ጥቁር፣ ቁጥሮቹ የወተት ቀለም፣ ዙሪያው ኒኬል፣ ከሥሩ በሁለት ጣት የሚጠመዘዝ መሙያ አለው። ከፋብሪካ ከወጣች ጀምሮ አልተነቀለም፣ ማንም ባለጌ መካኒክ አልጎረጎረውም፣ እና ደግሞ ይሠራል! ሰዓቱም በእኛው አቆጣጠር ልክ ነው። ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል፣ ረጋ ብሎ፣ ምንም እንደማያስቸኩለው ሰው። በቃ፣ ተሸነፍኩ፣ ዋጋም አልተከራከርኩም፣ ባለቤቴ አልማዝ "መኪና ሊገዛ ሄዶ ሰዓት ገዝቶ መጣ" እያለች እስከ ዛሬ ትቀልድብኛለች።

ኦቦ ደበላ ቁልፉን ሲሰጡኝ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

"ያ ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። የድሮውን ፎቶ ቤት ከነዕቃው አይደል የገዛኸው? የድሮው ኔጋቲቭ አንተ ጋ ነው?"

"አዎ ኦቦ፣ በካርቶን ሙሉ አለ።"

"እንግዲያው አያንቱን ፈልግልኝ፣ ሚስቴን። ፎቶ መነሳት አትወድም ነበር፣ ካሜራ ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል ታደርጋለች። ከሞተች አሥራ ሁለት ዓመት ሆናት። ሰው ሁሉ የሟቹን ፎቶ ይዞ ያለቅሳል፣ እኔ በለቅሶዋ ቀን የምይዘው አጥቼ ነጠላዋን ይዤ አለቀስኩ። ምናልባት ሰው ሠርግ ላይ ሳታውቅ ተነስታ ይሆናል። አሁን አሁን መልኳ እየጠፋብኝ ነው፣ ሙሉጌታ።"

ስለ መኪናዋ ሲያስረዱኝ እንኳ የሚያወሩት ስለ እሷ ነበር። መሪው በቀኝ ሲሆን ከፊትህ ያለውን የጭነት መኪና ለመቅደም መንገዱ አይታይህም፣ ስለዚህ ግራ ወንበር ላይ የምትቀመጠው አዴ አያንቱ አንገቷን አስግጋ አይታ "ዳርቢ!"፣ እለፍ፣ ስትል ነው እሳቸው የሚያልፉት፣ ዝም ካለች አያልፉም። ዕድሜ ልካቸውን በእሷ ዓይን ነው የነዱት።

ፈለግኩላቸው፣ እውነቴን ነው፣ ከሥራ በኋላ ካርቶን ካርቶኑን ገለበጥኩ፣ ሴትዮዋን ስለማላውቃት የማትታወቅ ሴት ከሙሽራ ጀርባ ባየሁ ቁጥር አትሜ እወስድላቸዋለሁ፣ መነጽራቸውን አድርገው ያያሉ፣ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ "አይደለችም፣ ተባረክ" ይሉኛል። ይኼ "ተባረክ" ነው የበላኝ።

ሰዓቱን ደግሞ በየማለዳው እሞላዋለሁ፣ መስታወቱን በካሜራ ሌንስ ማጽጃ እወለውለዋለሁ፣ አልማዝ "እኔን እንዲህ አንድ ቀን ብታየኝ" ትላለች። ታዲያ አንድ ክረምት መኪናዋ ጭቃውን ስለማትችለው ለመታወቂያ ፎቶ በሰው መኪና ካቺሲ ሄጄ መንገዱ በጎርፍ ተቆርጦ ሁለት ሳምንት እዚያው ቀረሁ። መኪናዋ ቤት ተቆልፋለች፣ ቁልፏ ኪሴ ነው። ስመለስ ሰዓቱ ቆሞ ይጠብቀኛል ብዬ በሩን ብከፍት፣ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከእጄ ሰዓት ጋር ባስተያየው አንድ ደቂቃ እንኳ አልዘገየም።

"የእንግሊዝ ሥራ እንዲህ ነው" ብዬ አለፍኩት።

ከዚያ ደግሞ አንድ ቀን ወረቀትና የፊልም ማጠቢያ መድኃኒት ይዤ ብቻዬን ከአዲስ አበባ ስመለስ፣ አዲስ ዓለምን እንዳለፍኩ አንድ እህል የጫነ ረጅም መኪና ከፊቴ ገብቶ እየተንፏቀቀ አቃጠለኝ። ልቅደመው ብዬ ወደ ግራ ወጣ ማለት ስጀምር ሰዓቱ ጸጥ አለ። ጆሮህ የለመደው ድምፅ ድንገት ሲጠፋ ታውቀው የለ፣ ምን ሆነ ብዬ እግሬን ከነዳጁ ሳነሳ አንድ አውቶቡስ በግራዬ በኩል ቱ... ብሎ አለፈ፣ ንፋሱ መኪናዬን አንገዳገዳት። ከዚያ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ማለቱን ቀጠለ፣ እኔም ቀደምኩ። አጋጣሚ ነው አልኩ፣ አምቦ እስክገባ ግን ሌላ መኪና አልቀደምኩም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣልህ። ቤንዚን በኩፖን፣ እሑድ ደግሞ በታርጋ ተራ የሚነዳበት ጊዜ ነበር፣ እና ተራዋ ባልሆነበት አንድ እሑድ መኪናዋን አጥቤ፣ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ፀሐይ በመስኮቷ ገብታ ያንን ኒኬል ስታበራው፣ ይህን ሰዓት አንድ ፎቶ ላንሳው አልኩ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሴ፣ ለፍቅሬ። ካሜራው ውስጥ አዲስ ፊልም ከተትኩ፣ ልብ በል፣ አዲስ፣ የመጀመሪያዋ ፎቶ ናት፣ ሁለት ጊዜ ተጫነ እንዳትለኝ። በቀኝ በር ጎንበስ ብዬ አነሳሁ። ግራው በር ዝግ ነው፣ አልማዝ ጎረቤት ሄዳለች፣ ግቢው ውስጥ እኔና መኪናዋ ብቻ ነን።

ሲመሽ ፊልሙን አጠብኩት፣ በቀይዋ መብራት ሥር ወረቀቱ መድኃኒቱ ውስጥ ቀስ እያለ ጠቆረ፣ ሰዓቱ አምሮ ወጣ። በሰዓቱ መስታወት ላይ መታየት የነበረበት ካሜራ የያዘው የኔ ጥላ ነው፣ ሌላ ሊሆን አይችልም። የታየችው ግን ግራ ወንበር ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፣ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጥላ ፊቷን ገልጣ፣ ሁለት ጣቷን ሰዓቱ መሙያ ላይ አድርጋ። በአጉሊ መነጽር ኔጋቲቩን አየሁት፣ ሦስት ጊዜ አተምኩት፣ ሦስቴም አለች።

ለአልማዝ አሳየኋት። ፊቷን አማተበችና "ለሰውዬው ስጣቸው" አለችኝ።

"ልግደላቸው ነው የምትይኝ?"

"ሰው የሚስቴ መልክ ጠፋብኝ እያለ እያለቀሰ አንተ ደብቀህ ልትተኛ ነው?"

በማግሥቱ ሄድኩ፣ ፈራሁ፣ አልዋሽህም፣ እሷ ካልሆነች ለምን እንደገና ተስፋ እሰጣቸዋለሁ፣ እሷ ከሆነችስ ምን እሆናለሁ እያልኩ። ኦቦ ደበላ መነጽራቸውን አድርገው ፎቶውን ተቀበሉኝ፣ ወረቀቱ እጃቸው ላይ ይርገፈገፍ ነበር፣ እያየሁ መርገፍገፉ ቆመ።

"ኢሼዳ" አሉ። "እሷ ናት።" ከየት አገኘኸው ብለው አልጠየቁኝም። "ሰዓቷን እየሞላች ነው፣ እንደ ልማዷ።"

"ኦቦ፣ የሚሞሉት እርስዎ አልነበሩም እንዴ?"

"እኔ? እሷ ናት እንጂ። ከሞተች ወዲህ እኔ ነክቼው አላውቅም፣ ቆሟል ብዬ ዓይኔንም ጥዬበት አላውቅም። አንተ ስትገዛት ይሠራ ነበር?"

"ይሠራ ነበር" አልኳቸው። እሳቸው አልሰሙኝም፣ በአውራ ጣታቸው የፎቶውን ፊት እየዳበሱ፣ እያለቀሱ፣ ደግሞ እየሳቁ ነበር።

"ስትሞት አንዲት ሽበት አልነበራትም" አሉኝ። "እየው፣ ጸጉሯ ነጭ ሆኗል። ዱሎምቴ፣ ሙሉጌታ፣ አርጅታለች። አብራኝ አርጅታለች።"

ያን ቀን "እስቲ ንዳኝ" አሉኝ። የፊቱን በር ከፈትኩላቸው፣ እሳቸው ግን አልፈውኝ የኋላውን ከፍተው ገቡ፣ "የሰው ወንበር አልቀማም" ብለው። እስከ ጉደር ደርሰን ተመለስን፣ ሰዓቱ ቀጭ ቀጭ ሲል ነበር፣ በመስታወት ሳያቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ፈገግ ብለዋል። እንዲህ ደስ ያለው ሽማግሌ አይቼ አላውቅም።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ደግ ነበር፣ እኔም ሽማግሌው ልባቸው የፈለገውን አዩ ብዬ ሌሊቱን በደህና እተኛ ነበር። ከወር በኋላ ግን ዝናብ ሲወርድ አንድ የማላውቀው አስተማሪ፣ ለአገሩ እንግዳ የሆነ፣ ወደ ጉደር ልሂድ ብሎ እጁን ሲያውለበልብ አቆምኩለት። የፊቱን በር ከውስጥ ከፈትኩለት። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ አየና "ኧረ አይነሱ እናቴ፣ እኔ ከኋላ እሆናለሁ" ብሎ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ማርሽ አስገብቼ ነዳሁ። ጉደር ሲወርድ ባዶውን ወንበር እጅ ነስቶ "ደህና ይዋሉ እናቴ፣ ተጫወትን" አላት፣ እኔን ማመስገን ግን ረሳ።