ቢጫው ጥቅልል

አምፖሉ ቦግ ሲል ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። የሳይንስ አስተማሪያቸው ቲቸር ሬናም በዋና ከተማዋ በዌሊንግተን ለሚካሄደው የሳይንስ ውድድር የምታልፉት እናንተ ሳትሆኑ አትቀሩም ብላ ለካሁና ለጓደኛዋ ፈገግ አለች። ካሁ ደስታዋን አልቻለችውም።

ከአምፖሉ ጋር የተያያዘውን የአልሙኒየም ጥቅልል እጅግ ከሚያቀዘቅዘው ፈሳሽ ናይትሮጅን ስታወጣው ግን የተጠቀለለበት ናስትሮ እየተሰነጣጠቀ ረገፈ። ናስትሮ መቼ እንዲህ ያለ ብርድ ይችላል! ከሥሩ ብቅ ያለው አልሙኒየም ነጭ ነው፤ ጠብታ ቀለም የለበትም።

የእሷ ቢጫ ነበር። ከራግቢ ሜዳው ዳር የለቀመቻቸውን ቢጫ የለስላሳ ጣሳዎች ጣቷ እስኪላጥ በመቀስ አቅጥና የቆረጠችው፣ ከጓደኛዋ ከሎሳ ጋር የጠቀለለችው እሷ ናት። የተጣለ ጣሳም ቢሆን በደንብ ከቀዘቀዘ ኤሌክትሪክ እንደ ልብ ያሳልፋል ብላ ሽንጧን ገትራ የተከራከረችውም እሷው ናት።

ወደ ሎሳ ዞረች። ሎሳ አንገቷን ደፋች።

«አጎቴ ሥራ ቦታ ባለው ናይትሮጅን ያንቺን ሞክሬው ነበር» አለች በሹክሹክታ። «አምፖሉ በጄ አላለም፤ ለምን እንደሆነም አጎቴ አስረዳኝ። እንዳይከፋሽ ብዬ አጎቴ የሰጠኝን ንጹሁን አልሙኒየም ጠቀለልኩት። ዝም በይ በቃ፣ ማን ያየናል?»

ካሁ ደሟ ፈላ። ዌሊንግተን ደግሞ በዓይኗ ላይ ሄደ። እውነትም ማንም አላየም።

«የኔን የት አደረግሽው?»

ሎሳ እያቅማማች ከቦርሳዋ አወጣችው።

«ቲቸር፣ የኛ ጣሳ ይሄ ነው» አለች ካሁ። «ቅድም ያያችሁት ሌላ ነው።» ቢጫውን ከአምፖሉ ጋር አያይዛ ናይትሮጅኑ ውስጥ ነከረችው። ፈሳሹ ተንጨረጨረ፤ አምፖሉ ትንሽ ፈካ አለና እዚያው ቀረ።

«አኩርፏል እንዴ?» አለ አንዱ ከኋላ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ፤ ካሁንም ሳቋ አመለጣት፤ ቀለል አላት።

ቲቸር ሬና አልሳቀችም። ለምን እንዲህ ሆነ ብላ ጠየቀች። ካሁ ሎሳን በክርኗ ጎሸም አደረገቻት።

«አጎትሽ የነገረሽን ንገሪያቸዋ።»

ሎሳ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ንጹህ ብረት ሲበርደው ኤሌክትሪኩን ማስቸገሩን ይተዋል። ጣሳ ግን ሌላ ብረት የተደባለቀበት ስለሆነ...» እያለች ቀጠለች። ድምጿ መጀመሪያ ቢንቀጠቀጥም እየቆየ ጠነከረ።

ካሁ ሁለቱን ጥቅልሎች ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን አስቀመጠቻቸው፤ ቢጫውን ትንሽ ወደ ፊት አስጠግታ።