ቀይ ነጥብ ያለበት ሞተሪኖ

ሌላው ሰው በዓይኑ ይጠረጥራል፤ አክሱማዊት ገሠሠ ግን በጥፍር ቀለም ነበር የምትጠረጥረው። መኪናዋ ጋራዥ ከመግባቷ በፊት ኮፈኑን ትከፍትና ከባትሪው ጀምራ፣ እጇ በደረሰበት ዕቃ ሁሉ ላይ ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ ታሳርፋለች። መካኒኩ ደህናውን ፈቶ የማይረባ ቢተካባት ነጥቡ ይናገራል። ነጥብ አይዋሽም። የሚዋሸው ወንድ ነው።

ይህ ጥርጣሬ ከሜዳ አልመጣባትም። አባቷ አቶ ገሠሠ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ ነበራቸው። እንደ ወንድም የሚያምኑት፣ ከአንድ ትሪ የሚያጎርሱት መካኒክም ነበራቸው። ያ ወዳጅ ታዲያ ዛሬ ካርቡራተሯን፣ ነገ ዲናሞዋን እያለ መልካም መልካሙን አውጥቶ ጨረሰና የላዳይቱን ቆዳ ብቻ አስቀረላቸው። ሰውየው ሲያለቅሱ ለመኪናቸው አልነበረም፤ ለጉርሻቸው ነበር። ሲሞቱ ለልጃቸው ያወረሷት ይህችን ቃል ነው።

«ልጄ፣ ለመካኒክ ቁልፍ ስጪ፤ ልብ ግን አትስጪ።»

አክሱማዊት ቃል ጠባቂ ናት። ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልቧን ለመካኒክም ለሌላም ሳትሰጥ ኖረች። ሀይሌ ጋርመንት አጠገብ አራት የስፌት መኪና ተክላ የተማሪ ዩኒፎርም ታሰፋለች። በእያንዳንዱ መስከረም ሸክሟን በባጃጅና በታክሲ እያንከራተተች ላፍቶና ለቡ ላሉ ትምህርት ቤቶች ማድረስ ሲያንገፈግፋት፣ በእግሯ የምትሄድ መኪና ልግዛ ብላ ተነሳች።

ያገኘችው ደላላ ጆኒ ይባላል። ምላሱ ቅቤ የጠጣ ነው።

«እህቴ፣ ይቺ የሐኪም ሚስት የነዳቻት ናት። ከቤት ቤተክርስቲያን፣ ከቤተክርስቲያን ቤት። ጭረት የሚባል አታውቅም!»

አክሱማዊት ከቦርሳዋ የፍሪጅ ማግኔት አወጣች፤ የአናናስ ቅርጽ ያለው። የፊት በሩ ላይ ለጠፈችው፤ ያዘ። የኋላውም ያዘ። ከኋላ ጎማው በላይ ስታስጠጋው ግን አናናሱ ዱብ ብሎ አፈር ላይ ወደቀ። የተገጨበትን የሸፈነ፣ ቀለም ተቀብቶ ብረት የመሰለ ስቱኮ ነበር።

«የሐኪሙ ሚስት ቤተክርስቲያኑን የተሳለመችው በዚህ በኩል ነው?» አለችው።

አጠገባቸው ከቆመች ነጭ ቪትዝ ስር የሰው ሳቅ ተሰማ። ሳቁን ተከትሎ አንድ ረጅም ወንድ በጀርባው እየተንፏቀቀ ወጣ። ፊቱና እጁ ቅባት ነው፤ ዓይኑ ግን ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተሰጣ ይመስላል። አየችው። አያት። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ሊተያዩ ከሚገባቸው ትንሽ አለፍ ብለው ተያዩ።

«ፍሮምሳ እባላለሁ» አላት። «ለቡ ጋራዥ አለኝ። ይቺን ነጯን ደንበኛዬ እይልኝ ብሎ ልኮኝ ነበር፤ ማኑዋል ናት ብሎ ተዋት። ሞተሯ ጤነኛ ነው። የእኔም መኪና መንትያዋ ናት።»

«አንተ ምን አግብቶህ ነው የምትነግረኝ? ከጆኒ ጋር ተመካክራችኋል?»

«ማግኔትሽን አንሺና ለጥፊ። እኔን አትመኚኝ።»

«መ»ን አላልቶ ይሁን አጥብቆ በደንብ አልለየላትም። ሲላላ «እምነት አትጣይብኝ» ማለት ነው፤ ሲጠብቅ ደግሞ ከምኞት የመጣ ሌላ ነገር ነው። ጆሮዋ ጋለ። ማግኔቱን አንስታ ከፊት እስከ ኋላ ለጠፈች፤ አናናሱ አንድም ቦታ አልወደቀም። በሳምንቱ ሊብሬው በስሟ ዞረ።

መኪና የገዛን ሰው ልጅ ወልዷል በሉት፤ አንዴ ሆዴን፣ አንዴ ጆሮዬን ማለቷ አይቀርም። የፍሬን ሸራ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን እያለች ነጯ መኪና ፍሮምሳ ጋራዥ ተመላለሰች። ሌላው ደንበኛ መኪናውን ጥሎ ወደ ሥራው ሲሄድ አክሱማዊት አሮጌ ጎማ ላይ ቁጭ ብላ ዓይኗን ከእጁ አትነቅልም። የተቀየረውንም ዕቃ መልሶ እንዳይገጥምባት በፌስታል ቋጥራ ወደ ቤቷ ይዛው ትሄዳለች።

«አሮጌውን ምን ታደርጊዋለሽ?» አላት አንድ ቀን።

«ለሳሎን ጌጥ።»

«እኔም ሳረጅ በፌስታል ትወስጂኛለሽ?»

«አንተን ማን ገጥሞህ ነው የምትወጣው?»

ሳቀ። እሷ እንዳትስቅ ከንፈሯን ነከሰች፤ ዓይኗ ግን ከእጁ ወደ አንገቱ፣ ከአንገቱ ወደ ፊቱ ሾልኮ ነበር። እሱም አወቀባትና ብሎኑን አንድ ዙር ከልኩ በላይ አጠበቀው።

እናቷ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ አልጋ ስር የተጠራቀመውን ብረት አይተው ወገባቸውን ያዙ።

«የሰው ልጅ ከወንድ ጋር ስትውል ሽቶ ሸትታ ትገባለች፤ የእኔዋ የፍሬን ሸራ ታቅፋ! ልጁን ወደሽው እንደሆን ቁርጡን ንገሪኝ፤ ቁራሌው ቤቱን ከነእኔ ሳይገዛሽ።»

«ማን ወደደ እማዬ? እየጠበቅኩት እኮ ነው፤ እንዳይሰርቀኝ።»

«እኔም አባትሽን ስጠብቀው ነው የተሰረቅሁት።»

ነሐሴ ላይ ዝናቡ መውጫ ሲያሳጣቸው ሁለቱ ከጋራዡ ቆርቆሮ ስር ቆሙ። ቆርቆሮው እየጮኸ ወሬ ከለከላቸው። በመጨረሻ ፍሮምሳ ወደ ጆሮዋ ጎንበስ አለ።

«ሽማግሌ ልላክ?»

ሰምታለች። ግን «ምን?» አለች፤ እንዲደግመው። ደገመው።

«እስከ መስቀል ታገሰኝ» አለችው።

ልቧ እሺ ብሎ ነበር። የአባቷ ቃል ነው መንገዱ ላይ ቆሞ ያገዳት። ይህን ሰው ማመን ወይ አለማመን፣ እስከ መስቀል መቁረጥ አለባት።

ጳጉሜን ሁለት ቀን ሦስት መቶ ዩኒፎርም ጭና ቁልፉን ብታዞር፣ መኪናዋ «ቅጭ» አለችና ዝም። ደገመችው። ቅጭ። ፍሮምሳ ከለቡ መጣ፤ መንገደኛ አስገፍቶ አስነሳትና ዩኒፎርሙን አራግፎ ወደ ጋራዡ ነዳት።

«ሞተሪኖው ነው» አላት ሲሄድ። «ሞተሩን ከእንቅልፉ የሚቀሰቅሰው እሱ ነው።»

በዚያ ሩጫ መሀል ጎማ ላይ ቁጭ ብላ የምትጠብቅበት ጊዜ አልነበራትም። ለመጀመሪያ ጊዜ መኪናዋን ካለ ዘበኛ ተወችለት። በማግስቱ ጠዋት ቁልፉን አመጣላት።

«ጠግኜዋለሁ» አላት። ሲናገር ግን ዓይኗን አላያትም።

መኪናዋ ቁልፍ ሲነካት እንደ አውራ ዶሮ ተነሳች። ዩኒፎርሙ ደረሰ፤ ልጆቹ ለበሱ፤ አዲስ ዓመትም ገባ። አክሱማዊት ግን ያ ያላያት ዓይን እንደ እሾህ ቀረባት።

ሌላም ነገር መጣ። ፍሮምሳ ሱቋ ሊጠይቃት ሲመጣ መኪናውን አያጠፋም። ሞተሩ እየተንደቀደቀ በሩ ላይ ቆሞ ያወራታል።

«ምን አስቸኮለህ? ግባ እንጂ።»

«አይ፣ እንዲያው ነው።»

ጋራዡ ስትሄድ ደግሞ መኪናው ከበሩ ፊት ካለው ቁልቁለት አናት ላይ፣ አፍንጫዋን ወደ ታች አዙራ ትቆማለች። ሁልጊዜ። ለመሸሽ የተዘጋጀች ትመስላለች። ለእናቷ ነገረቻቸው።

«ሞተር ሳያጠፋ የሚያወራ ወንድ» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ «ጫማውን ሳያወልቅ የተኛ እንግዳ ነው። አይሰነብትም።»

ለመስቀል ሦስት ቀን ሲቀረው አክሱማዊት ራዲያተሩ ውስጥ ውሃ ልትጨምር ኮፈኑን ከፈተች። እግረ መንገዷን የስልኳን መብራት ወደ ሞተሪኖው ሰደደች። ነጥብ የለም። በጨርቅ ጠረገችው። የለም። በምራቅ አረጠበችና ፈተገችው። ቀይ የሚባል ዘሩም የለበት! ይህ የእሷ ሞተሪኖ አይደለም። አባቷ ከመቃብራቸው ቀና ብለው «ነግሬሽ አልነበረም?» ያሏት መሰላት።

ለቡ እንዴት እንደደረሰች አታውቀውም። የፍሮምሳ መኪና እንደልማዷ ቁልቁለቱ ላይ አቀርቅራለች። ማንንም ሳትጠይቅ ኮፈኗን ከፈተችና ጎንበስ አለች። ነጥቡ እዚያ ነበር። የገዛ እጇ ነጥብ፣ ጠርዙ ላይ ትንሽ የፈሰሰው፣ የእሱ መኪና ውስጥ ቁልጭ ብሎ አያት።

«ሌባ!»

ከፍሮምሳ ጋር የሚሠራው አህመድ ከነመፍቻው ደርቆ ቀረ። ፍሮምሳ ከአንድ መኪና ስር ወጣና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ቀረባት።

«ይህ ነጥብ የማን ነው?» አለችው።

«ያንቺ ነው።»

«ሞተሪኖውስ?»

«እሱም ያንቺ ነው።»

«ታዲያ አንተ መኪና ውስጥ ምን ይሠራል?»

«ምንም አይሠራም» አለ ፍሮምሳ።

«በእኔ ትቀልዳለህ? አባቴንም መካኒካቸው እንዲህ እየሳቀ ነው ያራቆታቸው!»

ፍሮምሳ ከኪሱ ቁልፉን አውጥቶ ዘረጋላት።

«አስነሺያት።»

አባቷ ለመካኒክ ቁልፍ ስጪ ነበር ያሏት፤ መካኒክ ቁልፉን ሲሰጣት ምን እንደምታደርግ አልነገሯትም። ገባችና አዞረችው። ቅጭ። ደገመችው። ቅጭ። ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። ጳጉሜን ሁለት፣ ሦስት መቶ ዩኒፎርም ላይ ተቀምጣ የሰማችው ድምፅ ነው።

አህመድ መቻል አቃተው።

«እህቴ፣ ሌባ ካልሽስ እኛን ጠይቂን! ከጳጉሜን ጀምሮ ይቺን መኪና ስንገፋ ወገባችን ተቆረጠ። ይህ ቁልቁለት ባይኖር ኖሮ አልቀን ነበር!»

አክሱማዊት መሪውን እንደያዘች ቀረች። ቁልቁለቱ። የማይጠፋው ሞተር። ካጠፋት ማን ይገፋለታል? የሚሸሽ የመሰላት ሰው፣ እሷ ጋ መጥቶ ለመመለስ ነበር እንዲያ የሚሆነው።

ፍሮምሳ በሩ አጠገብ ቁጢጥ አለ፤ ዓይኑ ከዓይኗ እኩል ሆነ።

«ያንቺው ውስጡ ተቃጥሎ ነበር። ዕቃው ከመስቀል በኋላ ነው የሚገባው አሉኝ። አንቺን ሦስት መቶ ልጅ ይጠብቅሻል። እኔን ቁልቁለት ይበቃኛል። የእኔን ፈትቼ ገጠምኩልሽ፤ ያንቺን ዕቃው እስኪገባ የእኔ ውስጥ አኖርኩት።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ብነግርሽ ‹ምን ፈልጎ ነው?› ትዪ ነበር።»

«እል ነበር።»

«ደግሞም ፈልጌ ነበር» አለ፣ ቀስ ብሎ።

እንባዋ መጣ፤ እሷ ግን በእንባ የምትሸነፍ ሴት አይደለችም።

«ጠግኜዋለሁ ስትለኝ ዋሽተሃል።»

«ዋሽቻለሁ።»

«እኔም ሌባ ብዬ በሰው ፊት አዋርጄሃለሁ፤ ይቅር በለኝ። ግን ስማኝ፤ በስውር የተደረገ ደግነት ከስርቆት በምን ይለያል? ቤታችንን ያፈረሰው በስውር የተፈታ ብሎን ነው። ክፉም ሆነ ደግ፣ ከእንግዲህ ፊት ለፊቴ ፍታ።»

«እሺ።»

«ነጥቦቹን መቼ አየሃቸው?»

«የመጀመሪያ ቀን። ሞተሪኖውንም ስቀይር ነጥብ ልቀባበት እችል ነበር፤ የጥፍር ቀለም ሞልቷል። ያኔ ግን በእውነት ሌባ እሆናለሁ።»

«ለምን ዝም አልክ ታዲያ?»

«ሌላው ደንበኛ በአፉ ይሰድበኛል፤ አንቺ በቀለም ትሰድቢኛለሽ። ያምራል።»

አሁን ሳቀች። ስትስቅ እንባዋ ወረደ፤ እንደ መስከረም ሰማይ ሁለቱንም በአንድ ላይ አደረገችው።

«ውጣና ግፋ!» አለችው ከመኪናው እየወረደች። «እኔም እገፋለሁ። መሪውን አህመድ ይያዝ።»

ለበዓል የገዛችውን ጫማዋን አውልቃ ወረወረችና ትከሻዋን ከትከሻው ጎን ደግፋ ገፋች። መኪናዋ ተንሸራተተች፤ ሁለቴ አነጠሰችና ተነሳች። አህመድ ጥሩምባውን እያስጮኸ ቁልቁለቱን ወረደ። ሁለቱ አናት ላይ እያለከለኩ ቀሩ፤ እጃቸው አንድ ላይ ጠቁሯል።

«ያኔ ጆኒ ጋ» አለችው፣ «‹አትመኚኝ› ስትለኝ አላልተህ ነው አጥብቀህ?»

«አንቺ እንዴት ሰማሽው?»

«በሁለቱም። በሁለቱም አልታዘዝኩህም።»

ከቦርሳዋ የጥፍር ቀለሙን አወጣች። አውራ ጣቱን ያዘች፤ ጥፍሩ ዘይት ጠግቧል፣ ቀለም አይዝም። ጨርቅ በቤንዚን ነክራ ነጭ እስኪሆን ፈተገችውና ምስር የምታክል ቀይ ነጥብ አሳረፈችበት። እስኪደርቅ እፍ አለችው።

«ይህ ደግሞ ምንድን ነው?»

«ሽማግሌ ስትልክ እንዳትቀየርብኝ።»

ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ ሦስት ሽማግሌዎች ላፍቶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ፍሮምሳ እንደወጉ አልገባም፤ በአዲስ ሞተሪኖ ያመጣቸው እሱ ስለሆነ ሞተሩን አጥፍቶ ከታች ይጠብቃቸዋል። ነገሩ በእሺታ አለቀ። ወይዘሮ ፀሐይወርቅ ሽማግሌዎቹን ሊሸኙ ብለው ወረዱ፤ መሸኘቱስ ሰበብ ነው፣ ልጁን ሊያዩ ነው።

ሊሳለማቸው ሲያጎነብስ እጁን ያዙና አልለቅ አሉ። መዳፉን ገለበጡት፤ ጀርባውን አዩት። ቤንዚን እየበላው ሁለቴ የተደገመው ነጥብ ላይ ዓይናቸው ቆመ። ከዚያ ቀና ብለው ሦስተኛ ፎቅ በረንዳ ላይ የቆመችውን ልጃቸውን በጥርጣሬ አዩዋት። አክሱማዊት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

«ነጥቡስ አለበት» አሉ ወይዘሮ ፀሐይወርቅ፣ እጁን ሳይለቁ። «ኦሪጅናሉ ነው። ግባ።»