በጠርሙስ የተቀመጠው ቀን

ዶክተር ውብአንተ አስረስ ትዝታውን ለችሎቱ ጸሐፊ አስረክቦ ደረሰኝ ሲቀበል ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ከሩብ ነበር። ጸሐፊዋ ወይዘሮ ጥሩዬ ጠርሙሱን በቡሽ ከድነው፣ ቁጥር ለጥፈውበት፣ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጠርሙሶች ጎን መደርደሪያው ላይ አኖሩት። የሁለቱ ባልደረቦቹ ጠርሙሶች የያዙት ከሥራቸው የረጋች ጥቂት ግራጫ ፈሳሽ ብቻ ነው። የሱ እስከ አንገቱ ሞልቷል። ወይዘሮ ጥሩዬ ልዩነቱን አይተው ቅንድባቸውን ከፍ አደረጉ፤ ግን አርባ ዓመት በችሎት የኖረ ሰው ስንቱን አይቷል፤ ወደ መዝገባቸው ተመለሱ።

በሰባት ምንጭ ከተማ የቅጥር ችሎት ይህ የዘወትር ሥራ ነው። አንድ አመልካች «በቃለ መጠይቅ ተበደልኩ» ብሎ ሲከስ፣ የፈተኑት ሰዎች የዚያን ቀን ትዝታ፣ ከከሳሹም ጋር የሚያያዘውን ሁሉ፣ ለአንድ ሰዓት ያስቀምጣሉ። ከዚያ የተቀረጸውን ቃለ መጠይቅ እንደ አዲስ ሰምተው ነጥብ ይሰጣሉ። አሮጌውና አዲሱ ነጥብ ከተቀራረበ ከሳሹ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ከተራራቀ ችሎቱ ይጠይቃል። ትዝታው ራሱ ግን የባለቤቱ ንብረት ነው። ዳኛም ቢሆን ጠርሙስ ከፍቶ አያይም፣ ሞላ ጎደለ ብሎም ማስረጃ አያደርገውም። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይባል ነበር፤ በዚህ ከተማ የብቅሉን ሥራ ጠርሙስ ወስዶታል።

ውብአንተ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ ራሱ ቀለለው። ኪሱ ውስጥ በገዛ እጁ የጻፈው ወረቀት ነበር፦ «ለድጋሚ ፈተና ነው የመጣኸው። አትደንግጥ።» አልደነገጠም። ይልቅ ፊደል ያስቆጠረው ማን እንደሆነ ሊያስታውስ ሞከረና አጣው። ልክ እንደ ወለቀ ጥርስ፣ ቦታው አለ፣ ጥርሱ የለም። የኮሌጅ መምህር ሆኖ የመጀመሪያ መምህሩን አለማወቁ አሳቀው።

ቅጂው ተጀመረ። ከፊቱ ጉም ነበር፤ ጉም የሚሉት የተፈታኙን መልክ፣ ድምፅ፣ ስምና የትውልድ ቦታ የሚሸፍነውን መሣሪያ ነው። ከወዲያ ያለው ወንድ ይሁን ሴት፣ ልጅ ይሁን ሽማግሌ አይለይም፤ ሁሉም በአንድ ድምፅ ይናገራል። የአገሬ ልጅ፣ የአክስቴ ልጅ፣ የባለሥልጣን ልጅ የሚባለው ጣጣ እንዲቀር ተብሎ የተሠራ ነው።

«የውሃ ግፊትን ለአንደኛ ዓመት ተማሪ እንዴት ያስተምራሉ?» ይላል በቅጂው ውስጥ የራሱ ድምፅ።

«ጀሪካን ይዤ እገባለሁ» አለ ተፈታኝ አሥራ አንድ።

«ጀሪካን ደግሞ ምንድን ነው?» አለ አንዱ ባልደረባው።

«ድሮ ውሃ የሚቀዳበት የፕላስቲክ ዕቃ ነው። ጎኑን በምስማር ሦስት ቦታ እበሳዋለሁ፤ ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች። ቀዳዳዎቹን በሳሙና ደፍኜ ውሃ እሞላበታለሁ። ‹የትኛው አርቆ ይረጫል?› ብዬ ተማሪዎቹን እንዲወራረዱ አደርጋለሁ። አብዛኞቹ የላይኛው ይላሉ። አላርማቸውም። ሳሙናውን እነቅለዋለሁ፣ ውሃው ራሱ ያርማቸዋል። ጫማው የራሰ ተማሪ ትምህርቱን አይረሳም።»

ውብአንተ ብቻውን ሳቀ። ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሠላሳ ዓመት ሲያስተምር ይህን ያህል የጣመው መልስ አልሰማም። ሌሎቹንም መልሶች እስከ መጨረሻው ሰማና ያለ ማመንታት ዘጠና አራት ጻፈ። ይህን ሰው ያላሳለፈ ካለ ያ ሰው ምን ዓይነት ደንቆሮ ይሆን፣ ሲል አሰበ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ጠርሙሱን ይዘው መጡ። «ትዝታዎን መልሰው ይወስዱታል ወይስ ይተዉታል?» አሉት። ሁሉንም የሚጠይቁት ጥያቄ ነው።

«መተውም ይቻላል እንዴ?»

«ሕጉ ይፈቅዳል። ብዙ ሰው ይተወዋል።»

«እኔ ለምን እተወዋለሁ፣ እትዬ ጥሩዬ? እንዲህ ያለ ተፈታኝ ያየሁበት ቀን እኮ ነው።»

 ሴትዮዋ ትዝታ የሚመልሰውን ቆብ ራሱ ላይ ደፉለትና ፈሳሹን ቀስ እያሉ አንቆረቆሩበት።

መጀመሪያ የመጣው ግቢው ነበር። ቆርቆሮ አጥር፣ የበቀለች ሎሚ፣ ሎሚዋ ሥር ሦስት ቦታ የተበሳ ቢጫ ጀሪካን። ከጀሪካኑ ኋላ ሱሪያቸውን እስከ ጉልበት ሰብስበው የሚስቁት ጋሼ ታፈረ። እናትና አባቱ ሲሞቱበት በሰባት ዓመቱ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ያስገቡት፣ ፊደል ያስቆጠሩት፣ የራሳቸውን ካፖርት አስጠብበው ያለበሱት መምህሩ። ከዚያ ልጃቸው መጣች። እማዋይሽ። እሱ አሥራ ሦስት ዓመቱ እያለ የተወለደችው፣ በትከሻው ተሸክሞ ያሳደጋት፣ ሳሙናውን ለመንቀል የምትሽቀዳደመው፣ «ወንድም ጋሼ» የምትለው እማዋይሽ።

ቀጥሎ ያ ቀን መጣ።

ያን ዕለት ጠዋት ተፈታኝ ሦስት ሲናገር ከአንድ ምሳሌው የጎረቤቱ ልጅ መሆኑን አውቆ ነበር። ጉም መልክና ድምፅ ይሸፍናል፤ ሰው የሚያስብበትን መንገድ አይሸፍንም። ስለዚህ ደንቡ እንደሚያዘው «አውቀዋለሁ» የሚለውን ቁልፍ ተጭኖ ከክፍሉ ወጣ። ሲመለስ ባልደረቦቹ ተቀባበሉት። «ዶክተር፣ አገሩን በሙሉ አውቀህ ልትጨርሰው ነው እንዴ? ከሰዓት ደግሞ ሙሽራና ሚዜ እንጠብቅ?» አብሮ ሳቀ፤ ነገሩን ግን ከልቡ አላወጣውም።

ከሰዓት ተፈታኝ አሥራ አንድ «ጀሪካን» አለች። ያኔውኑ አወቃት። በዚህች ከተማ ጀሪካን በሳሙና የሚደፍን ሰው አንድ ቤት ብቻ ነው ያለው። ጣቱ ወደ ቁልፉ ሄደ። ግን ገና ሳይጫነው ሳቁ ተሰማው። «ደግሞ ይሄንንም?» ይሉኛል። ጣቱን መለሰ። ጣቱን ከመለሰ በኋላ ሌላ ፍርሃት መጣ፤ ከፍ ያለ ነጥብ ብሰጣትና ነገ ቤቷ ማደጌ ቢታወቅ ምን ይሉኛል? ወገኑን ቀጠረ ይሉኛል። ስለዚህ ሃምሳ ስምንት ጻፈ። እንዲያውም ሲጽፍ ጀርባውን ቀና አድርጎ ነበር፤ ለዘመድ የማያደላ ሰው መሰለ። የሦስቱ ፈታኞች ነጥብ ሲደመር ለማለፍ ሁለት ጎደለውና እማዋይሽ ወደቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ጋሼ ታፈረ ቤት አልሄደም፤ ሲደውሉለት «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ይላል።

ውብአንተ ቆቡን ከራሱ ላይ አወለቀ። ፊቱ ጋለ። ከደቂቃዎች በፊት ደንቆሮ ያለው ሰው እሱ ራሱ ነበር። ወይዘሮ ጥሩዬ ወደ መስኮቱ ዞር አሉለት፤ ሰው ሲያፍር አለማየት ከሥራቸው አንዱ ነው።

የኮሌጁ ጠበቃ አቶ ምናሴ ከችሎቱ በር ላይ ያዘው። ፊቱን አይቶ ነገሩ ገብቶታል። «ዶክተር፣ ምንም አይንገሩኝ» አለው በለሆሳስ። «እኔ የምነግርዎት ሕጉን ነው። ለምስክርነት ከመጠራትዎ በፊት ትዝታዎን መልሰው ማስቀመጥ ይችላሉ፤ ለዘለቄታው። ያኔ ‹አላስታውስም› ቢሉ ውሸት አይሆንም። የኮሌጁም ስም ይተርፋል፣ የእርስዎም።»

«ሁሉንም ነው የሚወስደው?»

«ከከሳሿ ጋር የሚያያዘውን ሁሉ።»

ጋሼ ታፈረም አብረው ይሄዳሉ ማለት ነው። ሎሚዋም፣ ካፖርቱም። ውብአንተ በወይዘሮ ጥሩዬ እጅ ያለውን ባዶ ጠርሙስ እያየ ቆመ። ወዲያውኑ «አልፈልግም» ብሎ ቢሆን ኖሮ ዕድሜ ልኩን ይጽናናበት ነበር። አላለም። ስሙ እስኪጠራ ድረስ አየው፣ አስቦም አየው፤ በኋላ ከሁሉ በላይ ያሳፈረው ያ የቆመበት ጊዜ ነው።

ዳኛ አስካለ መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ አውርደው ነጥቦቹን አነበቡ። የአንዱ ባልደረባ ሰማንያ አንድ የነበረው ሰማንያ ሦስት ሆኗል። የሌላው ሰባ ዘጠኝ የነበረው ሰባ ስምንት። የዶክተር ውብአንተ ሃምሳ ስምንት የነበረው ዘጠና አራት።

አቶ ምናሴ ተነሣ። «ክብርት ዳኛ፣ ልዩነቱ ከድካም ሊመጣ ይችላል። አድልዎ ላለመኖሩ ግን የልብ ጠቋሚው ንባብ እጃችን ላይ አለ።» ልብ ጠቋሚ ፈታኙ ነጥብ ሲጽፍ ልቡ ወደ ተፈታኙ በፍቅር ወይም በጥላቻ ማዘንበሉን የሚያነብ መብራት ነው፤ ካዘነበለ ቀይ፣ ካላዘነበለ አረንጓዴ ይበራል። «ያን ዕለት አረንጓዴ ነበር። ንጹሕ አረንጓዴ።»

እማዋይሽ ታፈረ ከሳሽ ወንበር ላይ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። ቀና ብላ አላየችውም።

«ዶክተር ውብአንተ፣ ልዩነቱን ያስረዱናል?» አሉ ዳኛዋ።

የምስክሩን ሳጥን ጠርዝ ያዘ። «አውቃታለሁ» አለ። «እህቴ ነች ማለት ይቻላል። ቤቷ ነው ያደግሁት። ያን ቀን በጀሪካኑ አወቅኋት፤ ቁልፉን ሳልጫን ቀረሁ። ዘመዱን ጠቀመ እንዳልባል ነው ነጥቧን የቀነስኩት። የሚገባት ዛሬ የሰጠኋት ነው።»

«ታዲያ መብራቱ ለምን አረንጓዴ ሆነ?»

ይህን ራሱ ጠርሙሱን እያየ ሲያሰላስለው ነበር። «ክብርት ዳኛ፣ መብራቱ የሚፈልገው ወደ እሷ ያዘነበለ ልብ ነው። ያን ነጥብ ስጽፍ ልቤ ውስጥ እሷ አልነበረችም። ራሴ ብቻ ነበርኩ።»

ይህን ሲል ከፊቱ ያለው የምስክር ልብ ጠቋሚ ቀይ በራ። አቶ ምናሴ ከመቀመጫው ብድግ አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ይመዝገብልኝ። ምስክሩ ለከሳሿ ያደላል። በደንቡ መሠረት ቃሉ ውድቅ ነው።»

ዳኛ አስካለ መብራቱን ተመለከቱት። ከዚያ መዝገባቸውን አንሥተው አምፖሉ ላይ ከደኑበት። «አይቼዋለሁ» አሉ። «ሲበድላት አረንጓዴ፣ እውነቱን ሲናገርላት ቀይ። ለዛሬ ሰውየውን ማየት ይሻለኛል።» በዕግድ የቆየው የመምህርነት ቦታ ለከሳሿ ይሰጥ፣ ዶክተር ውብአንተም ከእንግዲህ በማናቸውም ፈተና ላይ በፈታኝነት እንዳይቀመጥ ብለው ፈረዱ።

ወይዘሮ ጥሩዬ ፍርዱን ጽፈው ሲጨርሱ ብዕራቸውን አላስቀመጡም። «ክብርት» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «በዚህ አረንጓዴ ስንት ሰው ወደ ቤቱ ሰደድን?» 

ውብአንተ ኮሪደሩ ላይ ደረሰባት። «እማዋይሽ፣ ይቅር በይኝ።»

«እኔ መሣሪያው ተበላሽቷል ብዬ ነው የከሰስኩት፣ ዶክተር» አለችው። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ ቁጣ ቢኖረው በተሻለው ነበር። «ጉም ውስጥ ሆኜ ድምፅዎን ስሰማ ወንድም ጋሼ እዚያ አለ ብዬ ልቤ አረፈ። ያደላልኛል ብዬ አይደለም። ሰው አያስበድለኝም ብዬ ነው። ውጤቱ ሲመጣ እርስዎ መሆንዎን ለአፍታ እንኳ አልጠረጠርኩም።»

«እርስዎ» አለችው። በሠላሳ ስምንት ዓመት ዕድሜዋ «እርስዎ» ብላው አታውቅም።

«አባባ በየቀኑ ‹ምን አሉሽ?› ይለኛል» ብላ ቀጠለች። «ማለፌን እኔ እነግረዋለሁ። ሌላውን እርስዎ ይንገሩት።» ወደ ደረጃው ሄደች።

ወይዘሮ ጥሩዬ ከኋላው መጥተው ደረሰኙን ጠየቁት። «ጉዳዩ ተዘግቷል» አሉት። «አሁንም ግን መተው ከፈለጉ ይችላሉ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ ለወጋው ግን ሕጉ ፈቅዷል።»

ውብአንተ ራሱን ነቀነቀ። አይሆንም ማለቱ ከጽድቅ የመጣ እንዳልነበረ ግን ያውቃል። በዚያች ሰዓት ጠርሙስ ውስጥ ማስገባት የፈለገው የራሱን ትዝታ አልነበረም፤ የእሷን ነበር። እሷ ብትረሳለት፣ ዳኛዋ ቢረሱለት፣ ሴትዮዋም ቢረሱለት፣ እሱ ተሸክሞት ለመኖር ዝግጁ ነው። እንደገና ያው ነገር፤ ምን ይሉኛል። በዚህም አፈረ።

ደረሰኙን ሰጥቶ ወጣ። በገመድ ተንጠልጥሎ ወደ ጋሼ ታፈረ ሰፈር የሚሄደው መኪና ሲመጣ አሳለፈው። ሁለተኛውንም አሳለፈው። ሦስተኛው ላይ ተሳፈረ።