የሆክስትራ የቀኝ ጫማ

ቨርን ሆክስትራ ማክሰኞ ጠዋት አዳራሹ ውስጥ፣ ከግቡ ቋሚ ሥር ሞቶ ተገኘ። ጭንቅላቱ ተመቷል። አጠገቡ መሰላል ወድቋል።

ከበላዩ፣ ከግራው ቋሚ ውጭ፣ ግድግዳው ላይ ቢጫ ፕላስተር አለ። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት በአሜሪካ እግር ኳስ የዋንጫ ጨዋታ ቨርን የመጨረሻዋን ኳስ መትቶ የሳተባት ቦታ ናት። የሳተው አንድ ክንድ ያህል ነው። የአዳራሹ ጠባቂ አሮጊቷ ጆሊን ፕሩት ፕላስተሩን በላጡት ቁጥር አንድ ሰው መልሶ ይለጥፈዋል። ማን እንደሆነ አይታወቅም። ቨርን ከዚያ ወዲህ ስድስት መቶ ኳስ አግብቷል፤ ከተማው ግን የሚያውቀው በዚያች በአንዷ ነው። የፊታችን ቅዳሜ የስንብት ጨዋታው ሊሆን ነበር።

ፖሊሶቹ ነገሩን ጨርሰውታል። ፕላስተሩን ሊልጥ ወጣ፣ ወደቀ፣ በቃ።

መርማሪ ሎርና ትቬት ግን ተንበርክካ እግሩን ታያለች። አዳራሹ የበረዶ ላይ ሆኪም ስለሚካሄድበት ከሰው ሠራሽ ሳሩ ሥር በረዶ አለ፤ ቅዝቃዜው ጉልበቷ ውስጥ ገባ። ያን የዋንጫ ቀን እሷም ተመልካች መሀል ነበረች። እሷም ጮኻበታለች።

ሁለቱም እግሩ ላይ ያለው የዘወትር ጫማው ነው። የቀኙን ሱሪ ገለጥ አደረገች። ካልሲ የለም። ግራው ላይ አለ። የቀኙ ካልሲ ተጣጥፎ ቦርሳው ውስጥ፣ ኳስ ሲመታ ከሚያጠልቀው የቀኝ ጫማ ጋር ተቀምጧል።

መጀመሪያ ጆሊንን አነጋገረች። ቨርን ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ ይለማመዳል። እሳቸው ማሽን ክፍል ሆነው ኳስ ሲመታ ሰምተዋል።

«ስንቴ መታ?»

«ልቁጠርልሽ እንዴ ልጄ? ጆሮዬም ጡረታ ወጥቷል። ዱብ ዱብ ሲል ነበር፣ ከዛ ዝም አለ። ቡና ሊጠጣ ሄደ ብዬ ተውኩት።»

አሰልጣኝ ራዴማከር ሱፍ እየፈለፈለ ቅርፊቱን በወረቀት ብርጭቆ ይተፋል። ቨርን ለቅዳሜ ማይክራፎን ለምኖት ነበር፤ ስለዚያች ምት ሁለት ደቂቃ ልናገር ብሎ።

«ይቅርታ ሊጠይቅ መስሎኝ ነው እሺ ያልኩት» አለ።

«ጫማውስ?»

አሰልጣኙ እንደነገራት የመምቻው ጫማ በአንድ ቁጥር ያንሰዋል፤ ባዶ እግሩን ነው የሚያጠልቀው። አሥር እርምጃ እንኳ አይሄድበትም። ደግሞ ራሱ አያስረውም። ተንበርክኮ ክሩን የሚስብለት ኮርዊን ቢል የተባለው ኳስ ያዥ ነው፤ ቋጠሮው ኳሱን እንዳይነካ ወደ ውጭ ጎን አድርጎ ነው የሚያስረው።

«ባልና ሚስት እያልን እንቀልድባቸው ነበር። አሥራ አራት ዓመት።»

የኮርዊን ቢል ሥራ ተንበርክኮ ኳሷን በአንድ ጣቱ ማቆም፣ ቨርን ሊመታ ሲደርስ አለመነቃነቅ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት አሰልጣኝ እንዲሆን ተመርጧል። ቨርንን ከእሁድ ወዲህ አላየሁትም አለ። ግድግዳውን አላየም። ሌላው ሰው ሁሉ ያይ ነበር።

ከሰዓት ሦስቱንም ቋሚው ሥር ሰበሰበቻቸው።

«ቨርን ጠዋት ሲመታ ነበር፤ ጆሊን ሰምተዋል» አለች። «ለመምታት ካልሲውን አውልቋል። መሰላል ለመውጣት ግን ጫማ ቀየረ ትሉኛላችሁ። እሺ። ታዲያ በዚህ ብርድ፣ ካልሲው እዚያው ቦርሳው ውስጥ እያለ፣ ባዶ እግሩን ያደርጋል?»

ወደ ቦርሳው ጠቆመች።

«ጫማውን የቀየረለት ሌላ ሰው ነው። ከሞተ በኋላ። በዚያ ጠባብ ጫማ መሰላል እንደማይወጣ የሚያውቅ ሰው።»

«እኔ መች አውቃለሁ፣ ጫማ ጫማ ነው» አሉ ጆሊን።

«እኔ አውቃለሁ» አለ ራዴማከር ቀስ ብሎ።

«ታውቃለህ። የግራው ክር መሀል ላይ ነው የታሰረው፤ ቨርን ራሱ ያሰረው ነው። የቀኙ የዘወትር ጫማ ነው፣ ኳስ አይመታበትም። ግን ቋጠሮው ወደ ውጭ ጎን ነው።»

ኮርዊን እጆቹን አየ።

«ሳላስበው ነው» አለ። «እጄ ነው ያሰረው።»

ራዴማከር መፈልፈሉን ተወ።

«ያን ቀን ጣቴን ቀድሜ አነሳሁ» አለ ኮርዊን። «ፈርቼ። ኳሷ ዘመመች። እሱ አይቷል። አሥራ አንድ ዓመት ሰዉ መስኮቱን ሲሰብርበት፣ ሚስቱ ጥላው ስትሄድ፣ ጥፋቱ የኔ ነው ብሎ አንድ ቀን አልተናገረም። ዛሬ ጫማውን ሳስርለት፣ ‹ቅዳሜ እናገራለሁ፤ አንተ ቀድመህ ብትናገረው ግን ደስ ይለኛል› አለኝ። ጥቂት መታ። ከዛ መልሴን ጠየቀኝ። ገፋሁት። ቋሚው ብረት ነው።»

«ከዛ መሰላሉን አመጣህ።»

«ከዛ መሰላሉን አመጣሁ።»

ፖሊሶቹ ወሰዱት። በሩ ጋ ሲደርስ አንዴ ዞሮ ግድግዳውን አየ።

ሎርና መሰላሉን አነሳች፤ ጆሊን እግሩን ያዙላት። ወጥታ ቢጫውን ፕላስተር ላጠች።