የመቀናጆው ወረቀት

«ነገ ይፋግ ገበያ ወስጄ እሸጠዋለሁ» አሉ አቶ ማረው፣ የበሬውን ገመድ ከካስማው እየፈቱ። «ለብቻው ቆሞ ሣር ከሚፈጅ ለሚጠምደው ሰው ይሁን።»

ገላነሽ ከትምህርት ቤት መግባቷ ነበር። ደብተሮቿን እንዳቀፈች በረቱ በር ላይ ቆማ ቀረች።

«ዳልቻን? ዳልቻ ተሸጦ በምን ሊያርሱ ነው፣ አባባ?»

«አሁንስ በምን እያረስኩ ነው? አንድ በሬ ስቦ የት ይደርሳል!»

እናቷ አገኘሁሽ ከጓሮ ሆና ሰማች። «የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች አሉ» አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለጎመኑ። አቶ ማረው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆኑ። በዚያ ሰሞን በቤቱ ውስጥ ለመጨቃጨቅ እንኳ አቅም ያለው ሰው አልነበረም።

አቶ ማረው ያላቸው በሬ አንድ ነው። የጎረቤታቸው የአያ አለኸኝም በሬ አንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሰዎች ስድስት ዓመት ሙሉ መቀናጆ ነበሩ፦ ሁለቱን በሬዎች በአንድ ቀንበር እየጠመዱ አንድ ቀን የማረውን፣ አንድ ቀን የአለኸኝን መሬት ያርሱ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን «ተራው የኔ ነው» ተባብለው አያውቁም።

ዘንድሮ ግን ምርጫ መጣ። በ1950 ዓ.ም. መስከረም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሕዝቡ እንደራሴውን ራሱ ይምረጥ ተባለ። ማንበብ የማይችለው ሰው እንዳይቸገር ለአንዱ ተወዳዳሪ ዣንጥላ፣ ለሌላው ፋኖስ ምልክት ሆኖ ተሰጠ። ማረው የዣንጥላ ደጋፊ ሆኑ፤ አለኸኝ የፋኖስ። መንደሩ እንዳለ ለሁለት ተከፈለ። ዣንጥላዎች ከፋኖሶች ጋር ጽዋ አንጠጣም አሉ። የመንደሩ ሰው የደብሬ እናት ስትሞት ፋኖሶች ከዋርካው ወዲህ፣ ዣንጥላዎች ከዋርካው ወዲያ ተቀምጠው አለቀሱ። ሟቿ ለማን እንደምትመርጥ የጠየቃት ሰው እንኳ አልነበረም።

በመጨረሻ ዣንጥላ አሸነፈ። የዣንጥላው ሰውዬ አዲስ አበባ ገባ። የፋኖሱም ሰውዬ ወደ ጎንደር ተመለሰ። ጠቡ ግን እዚሁ ፎገራ ቀረ። ጥቅምት ሲጋመስ ሰው ሁሉ ኩርፊያው ሰልችቶት ነበር፤ ቢሆንም ቀድሞ «እንዴት አደርክ» የሚል ጠፋ።

ገላነሽ ደብተሮቿን አስቀምጣ አባቷን ተከተለች። አቶ ማረው ዳልቻን ለግጦሽ እየጎተቱ ወደ ሜዳው ወረዱ። ክረምቱን ሜዳውን የሸፈነው ውኃ ሸሽቷል። ጓያና ሽምብራ የሚዘራው እንግዲህ አሁን ነው፤ ጥቁሩ ዋልካ አፈር እርጥበቱን ሳይጨርስ። የማረው መሬት ግን ጦሙን አድሯል። ጫፍ ጫፉ መሰነጣጠቅ ጀምሯል።

ከወሰኑ ማዶ የአያ አለኸኝ መሬት ነው። እሳቸውና ልጃቸው ንግሥቲ ጎንበስ ብለው በዶማ ይቆፍራሉ። ዋልካ በዶማ! ንግሥቲ ከትምህርት ቤት ከቀረች ሳምንቷ ነው። በክፍሉ ካሉት አራት ሴቶች ልጆች አንዷ እሷ ስለነበረች ወንበሯ ባዶ መሆኑ ከሩቅ ያስታውቃል።

 የዚህን ሁሉ ምክንያት የምታውቀው ገላነሽ ብቻ ናት።

ነገሩ የሆነው ምርጫው ባለቀ ሰሞን ነው። በእረፍት ሰዓት ንግሥቲ በልጆች ፊት «የገላነሽ አባት ለዣንጥላ የሚሟሟቱት እኮ ወደው አይደለም፤ ጣሪያቸው ያፈሳል!» አለች። ፋኖሶቹ ሳቁ። ዣንጥላዎቹም ሳቁ። ጣሪያው በእርግጥ ያፈስ ነበር። ያን ዕለት፣ ወደ ቤት ሲመለሱ፣ ንግሥቲ የታጠፈች ወረቀት በእጇ ላይ አኖረችላት። ከአያ አለኸኝ ለአቶ ማረው የተላከች፣ ንግሥቲ የጻፈቻት ወረቀት ነበረች።

አቶ ማረው ፊደል አልቆጠሩም። ዘመድ ሁሉ «ሴት ልጅ አስተምረህ ምን ልትሆንልህ ነው፣ ለባል ስጣት እንጂ» ሲላቸው፣ «ገላነሽ ዓይኔ ናት፤ ዓይኑን ለሰው የሚሰጥ ማን አለ?» ብለው ይመልሱ ነበር። ትምህርት ቤት ያቆያትም ይኸው ነው። ታዲያ ያን ዕለት «በይ አንብቢው» ሲሏት፣ ሳቁ ገና በጆሮዋ ውስጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ዓይኗን ተክላ እንዲህ አነበበች፦

«‹ዣንጥላህን ጥመድ፤ በሬዬን ግን አታገኘውም› ይላል።»

አባቷ አልተቆጡም። «እንዲያ አለ?» ብቻ አሉ። ገላነሽ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ ጨመረችው።

ሰኞ ጠዋት ወደ ወረታ ትምህርት ቤት ስትሄድ አያ አለኸኝን አየቻቸው። ቀንበሩን መሬት ላይ አጋድመው፣ በሬያቸውን ይዘው ወደ እነ ማረው ቤት አሻቅበው ያያሉ። ቀትር ላይ ስትመለስም እዚያው ቆመው ነበር። ያን ጊዜ መናገር ነበረባት። «ነገ እነግራቸዋለሁ» አለች። ነገ ነገን እየወለደ ሁለት ሳምንት ሆነ።

አሁን ደግሞ ነገ የይፋግ ገበያ ነው።

ብትናገር የሚመጣውን ታውቀዋለች። የሚዋሽ ዓይን ለምን ይጠቅማል? ደብተሩ ይታጠፋል፤ አክስቷ ለባል እንስጣት የምትለው ወሬ ይነሳል። ዝም ብትልም ማንም አያውቅባትም። ንግሥቲ አታናግራትም፤ ወረቀቱም አመድ ሆኗል። ዝም ማለት እንዴት ይቀል ነበር! ግን ዳልቻ አንገቱን በማረው ትከሻ ላይ ሲያሻሽ አየችና ዝምታውም ከበዳት። ሁለት ሳምንት ተሸክማው ደክሟታል።

«አባባ» አለች። «ያችን ወረቀት አዛብቼ ነው ያነበብኩልዎ።»

«የትኛዋን?»

«የአያ አለኸኝን። ዣንጥላህን ጥመድ አላሉም። እኔ ነኝ የጨመርኩት።»

አቶ ማረው ገመዱን እንደያዙ ቀስ ብለው ዞሩ። «እሱስ ምን ነበር ያለው?»

ገላነሽ እያንዳንዱን ቃል ታስታውሰዋለች፤ በየሌሊቱ በልቧ ታነበው ነበር። «‹ወንድሜ ማረው፣ ምርጫው ምርጫ ነው፤ በሬው ግን የቀንበሩ ነው። ሰኞ ከመሬቴ ላይ ሆኜ እጠብቅሃለሁ። ከመጣህ ካንተ መሬት እንጀምራለን› ነው የሚለው።»

«ጠበቀኝ?»

«እስከ ቀትር።»

አቶ ማረው መሬት ላይ ቁጭ አሉ። የተሰነጠቀውን ዋልካ በጣታቸው ይነካካሉ። ገላነሽ በትር ጠብቃ ነበር፤ በትር ቢሆን ይሻላት ነበር። «ንግሥቲ ሰድባኝ ነው» ልትል ከጀላትና ተወችው።

«የኔም ጥፋት ነው» አሉ። «ስድስት ዓመት አብሮኝ ያረሰ ሰው እንዲህ ይላል ብዬ ማመኔ። ሄጄ ብጠይቀውስ ምን ነበረበት? ግን ፋኖስ ነው አልኩ።» ቀና ብለው አዩዋት። «ከእንግዲህ ወረቀት ሲመጣ ለማን ላስነብብ?»

ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ አልነበረም። የደከመው ሰው ድምፅ ነበር። ገላነሽ አለቀሰች፤ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እኔ አነብልዎታለሁ» አለች። «ከዚያ ወረቀቱን ለንግሥቲ እሰጣታለሁ። እሷም ደግማ ታንብብልዎ። የነሱም ሲመጣ እንዲሁ፣ መጀመሪያ እሷ፣ ቀጥሎ እኔ።»

«የፋኖስ ልጅ የኔን ወረቀት?»

«አዎ።»

አቶ ማረው ወደ ወሰኑ ማዶ አዩ። አያ አለኸኝ ዶማውን ተደግፈው ወገባቸውን ይዘዋል።

«መጀመሪያ እሷ እሺ ትበል» አሉ።

ገላነሽ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች። ንግሥቲ ነገሩን ከሰማች ክፍሉ ሁሉ መስማቱ አይቀርም፤ ከጣሪያው የባሰ መሳቂያ አገኙ ማለት ነው። አባቷ ነገ ይፋግ ይሂዱ ይቅሩ አልነገሯትም። ስለ ትምህርት ቤቱም አልነገሯትም። 

ወሰኑን ተሻገረች። ንግሥቲ ቀና ብላ አየቻትና ፊቷን አዞረች። መዳፎቿ ውኃ ቋጥረዋል።

«አያ አለኸኝ» አለች ገላነሽ፣ ንግሥቲም እንድትሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «ሰኞ የጠበቁት ሰው ያልመጣው በኔ ምክንያት ነው።»