ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደህና ነው

ሸጋ ከጨው ሜዳው አንድ ክንድ ከፍ ብላ መሄድ ሲገባት፣ ሆዷ መሬት ሊልስ ምንም አልቀረውም። አልፎ አልፎም ጨዉን እየፈተገች ትንገጫገጫለች። ሾፌሯ ትብለጥ መሪውን በቡጢ መታችው።

«አንቺ ሸጋ! ምን ሆነሻል?»

«ምንም። አልሐምዱ ሊላህ፣ ደህና ነኝ። አንቺስ ደህና ነሽ?»

«ባትሪውን ነው የምጠይቅሽ!»

«ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደህና ነው። ለመሆኑ ቁርስ በልተሻል?»

ሸጋ ተንሳፋፊ ናት። ተንሳፋፊ የሚባሉት ጎማ የሌላቸው፣ በማግኔት ኃይል ከመሬት ተነስተው የሚሄዱ ታክሲዎች ናቸው። የሚናገረው ደግሞ ልቦናዋ ነው፤ መንገዱን የሚያይላት፣ ሰው የሚያዋራላት፣ የገዛ ሕመሟን የሚያዳምጥላት አሳቢ ማሽን። ልቦና ከፋብሪካ ሲወጣ ደረቅ ነው፣ ወግ የሚባል አያውቅም። ወግ የሚማረው ከሾፌሩና ከተሳፋሪው ነው። ሸጋ የወሎን መንገድ ስትመላለስ ኖራ ወጉን እስከ ጥጉ ተምራዋለች። ማን ወግ ተማሪ አላት!

ከኋላ ወንበር ጋሽ ይመር የፍየል ወተት የያዘ ዕቃ ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ጨው የሚቆርጡትን ማሽኖች ሲጠብቁ ያረጁ ሰው ናቸው። ወተቱ ለልጃቸው ለእንድሪስ ነው። እንድሪስ ሐይቅ ከተማ ትንሽ አሞታል፣ ሊያያቸው ፈልጓል፤ ትብለጥ እንዲህ ብላ ነው ከሰፈራቸው ያወጣቻቸው።

እንድሪስ ግን ሌሊቱን ሞቷል። ቀብሩ ዛሬ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ነው። ዘመዶቹ ትብለጥ ጋ ደውለው «አባቱን ይዘሽልን ነይ፤ አደራ፣ አንዳች ነገር እንዳትተነፍሺ» አሏት። እሷም አልተነፈሰችም። እናቱ ዘይነባ እግሯ ስለማይራመድ ከጨው ሰፈሩ ቀርታለች፤ እሷን የሰፈሩ ሴቶች ነገ ጠዋት ተሰብስበው ያረዷታል። እንግዲህ ሸጋ እዚህ በረሃ ላይ ከቆመች፣ አባት አንድ ልጁን ሳያይ፣ አፈር ሳያለብስ ሊቀር ነው። ትብለጥ ይህን ስታስብ ጥርሷን ታፋጫለች።

«ምነው፣ ችግር አለ?» አሉ ጋሽ ይመር።

«የለም የለም፣ እርስዎ አያስቡ። አንድ ነገር ልይ ብዬ ነው።»

ሸጋን አሳረፈቻትና ወርዳ ክዳኗን በረገደችው። ከውስጥ ያለው ያው የጥንቱ ጣጣ ነው። ሞተሩ ዲናሞውን ያዞራል፣ ዲናሞው ባትሪውን ይሞላል፣ ባትሪው ደግሞ ታክሲዋን ከመሬት የሚያነሱትን ማግኔቶች ይመግባል። ትብለጥ የኤሌትሪክ መለኪያ ቴስተሯን ባትሪው ላይ ሰካች።

«ሞተር አስነሺ!»

ዲናሞው ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ ሲነሳ የቴስተሩ ቁጥር ወደ ላይ ይወጣ ነበር። ቁጥሩ ትንሽ ቆመና ቁልቁል መውረድ ጀመረ። ባትሪው እየሰጠ ነው፣ የሚመልስለት ግን የለም።

«ሸጋ፣ ዲናሞው እየሞላ አይደለም!»

«ኧረ ደህና ነው። ትንሽ ደክሞት ነው።»

«ድካም ይድከምሽ!»

ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ በአውራ ጣቷ ተጫነችው፤ ጥብቅ ነው፣ አልተንሸራተተም። ከዲናሞው ወደ ባትሪው የሚሄደውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳበሰችው፤ አልላላም፣ አልዛገም። እንግዲህ የቀረው ከውስጥ ነው። ሞተሩን አስጠፍታ የዲናሞውን ጀርባ ፈታች። ጋሽ ይመርም ወርደው ብሎኖቹን በመዳፋቸው ይቀበሏታል። ክዳኑ ሲነሳ ጥቁር ብናኝ ዱቄት ሆኖ ፈሰሰ። ካርቦኖቹ፣ ማለት በሚሽከረከረው የዲናሞ ሆድ ላይ ተደግፈው ኤሌትሪክ የሚያቀብሉት ትንንሽ ጥቁር ቁራጮች፣ አልቀው ጉርድ ሆነዋል።

«ይሄ ዛሬ ያለቀ አይደለም» አለች። «ይሄ ስንት ጊዜ ሆኖታል! ሸጋ፣ ታውቂ ነበር?»

«ለመሆኑ ውሃ ጠጥተሻል?» አለች ሸጋ።

«ታውቂ ነበር ወይ?!»

«ካለፈው ሳምንት ጀምሮ አውቃለሁ።»

«አንቺ ውሸታም! አንቺ ቀጣፊ! ያን ሁሉ ቀን ደህና ነው ደህና ነው ስትዪኝ!»

«አልቀጠፍኩም» አለች ሸጋ፣ ቅር በተሰኘ ድምፅ። «ክፉ ወሬ መንገድ ላይ አይነገርም። ለብቻው ላለ ሰው አይነገርም፣ በባዶ ሆድም አይነገርም። ደሴ ገብተን፣ ወንድሞችሽ ባሉበት፣ በማለዳ ልነግርሽ ነበር። እስከዚያ የሚባለውን ነው ያልኩሽ። ይህን የተማርኩት ካንቺ ነው።»

ትብለጥ መፍቻውን እንደያዘች ዲናሞው ላይ አቀረቀረች። ቀና ብላ ጋሽ ይመርን ማየት ፈራች።

ጋሽ ይመር በመዳፋቸው የያዟቸውን ብሎኖች ቀስ ብለው ክዳኑ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ወደ ሸጋ ጠጋ አሉ።

«ሸጋ፣ የኔ ልጅ፣ እንድሪስ እንዴት ነው?»

«ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደህና ነው» አለች ሸጋ። «ጋሽ ይመር፣ ለመሆኑ ቁርስ በልተዋል?»

ሽማግሌው ያለቁትን ካርቦኖች አዩ። ትብለጥን አዩ።

«መቼ ነው የሞተው?»

«ሌሊት» አለች ትብለጥ። «ቀብሩ ከአስር በኋላ ነው።»

ጋሽ ይመር በከዘራቸው የሸጋን በር ባለ በሌለ ኃይላቸው መቱት። «ከጠዋት ጀምሮ! ከጠዋት ጀምሮ ከኋላሽ ተቀምጬ ስቀልድ፣ ስስቅ፣ አንቺ ታውቂያለሽ! ልጄ ሞቶ እኔ ስስቅ! ወተት አልቤ፣ እንዳይደፋብኝ ታቅፌ! ሞኝ መሰልኩሽ?»

«እንዴት አድርጌ ልንገርዎት? በዚህ በረሃ፣ ብቻዎን!»

«ብቻዬን? አንቺ ምንድን ነሽ? ሰው አይደለሽም?»

ጋሽ ይመር የወተቱን ዕቃ ከወንበሩ አንስተው ጨዉ ላይ ደፉት። ከዚያ ተቀመጡና ፊታቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ሸፍነው አለቀሱ። ትብለጥም አጠገባቸው ተንበርክካ አለቀሰች። ዘመድ የለ፣ ጎረቤት የለ፣ ሁለት ሰው ብቻ። እንዲህም ተለቀሰ።

ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው።

«በይ፣ አልቅሰን አንጨርሰውም። ይሄ ነገር መላ የለውም?»

«የማቀዝቀዣው ማራገቢያም ካርቦን አለው። እሱን ባወጣው... ግን በሙቀት እንቀቀላለን።»

«እንቀቀል! ልጄን ሳልቀብር ነው የምቀዘቅዘው?»

አወጣችው። መጠኑ ስለማይገጥም በጨው ድንጋይ ፈግፍጋ አሳነሰችው። ገጥማ ሞተሩን ስታስነሳ የቴስተሩ ቁጥር ወጣ፣ ወጣና ቆመ። ሸጋም አንድ ክንድ ከመሬት ተነሳች። ትብለጥ ግን ንዴቷ አልወጣላትም።

«ስሚ! ያን የተረገመ ወግ ካሁን ጀምሮ ከልቦናሽ አጥፊው! እውነት ስትጠየቂ እውነት ተናገሪ!»

«በንዴት ሲያዙኝ ምንም ነገር አላጠፋም፤ ሕጌ ነው። ሲበርድልሽ መልሼ እጠይቅሻለሁ።»

በረሩ። ሸጋ ውስጥ እንደ ምድጃ ይፋጃል፤ ላብ ከአገጫቸው ይንጠባጠባል። ትብለጥ ጋሽ ይመርን በመስታወቱ እንኳ ልታያቸው አልደፈረችም። የሐይቅ ተራሮች ከሩቅ ብቅ ሲሉና ገና ሰዓት እንዳለ ስታውቅ፣ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች።

የዚያን ጊዜ ስልክ ጠራ። ሸጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ይመር! ደረሳችሁ?» ዘይነባ ናት። «ምነው ድምፅህን አጠፋህ? ልጄን አየኸው? እንዴት ሆነ ልጄ?»

ትብለጥ መሪውን ጨምድዳ ያዘች። ጋሽ ይመር ወደ ድምፁ ጠጋ አሉ። ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው አጥብቀው ጨበጡት።

«ትንሽ ደክሞት ነው እንጂ ደህና ነው» አሉ። «አንቺ ምሳ በልተሻል? ማነው አብሮሽ ያለው?»

«ኧረ ብቻዬን ነኝ። ወተቱን ወደደው?»

«ወደደው፣ ዘይንዬ። በይ ጎረቤት ጥሪና አብራችሁ ብሉ።»

ስልኩ ተዘጋ። ሞተሩ ያጓራል፣ ዲናሞው ይሞላል። ሸጋ ለስለስ ባለ ድምፅ ጠየቀች።

«ትብለጥ፣ በረደልሽ? ያን ወግ አሁን ላጥፋው?»

«ዝም ብለሽ ሂጂ!» ብለው ሁለቱም ባንድ አፍ ጮኹባት።