አንድ ፍሬ ብቻ

«ሁለት ነው እንዴ የምትውጠው?» አለች ልጅቷ፣ የውሃውን ብርጭቆ እንደያዘች።

አባቷ ከጉዞ ገብቶ ገና ጫማውን እንኳ አላወለቀም። ሁለቱን ኪኒኖች አንድ ላይ ወደ አፉ ወረወረና ብርጭቆውን ተቀብሏት ጭልጥ አደረገው። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ብሎ ሳቀ።

«ዶክተሯ በቀን አንድ ነው ያለችህ።»

«የትናንቱን ሳልውጥ ስለቀረሁ ማካካሴ ነው። ይኼ ኪኒን እኮ ሽንት በሽንት ያደርጋል! ያን ሁሉ ተሳፋሪ ጭኜ በየዛፉ ሥር ልቁም?»

የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። መናኸሪያ ውስጥ ስሙን የሚያውቅ የለም፤ አንዴ ከተነሳ ስለማይቆም ሁሉም «ጥይቱ» ነው የሚሉት። እሱም ቅጽል ስሙን ከደመወዙ በላይ ይወደዋል።

እየሳቀ ብድግ ሲል ግን አዞረው። ጠረጴዛውን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ቆየ። «የመንገድ ድካም ነው» አለ። «ነገ ሐኪም ቤት ስንሄድ እንዳትቀባጥሪ፣ ሚጡ። ይኼን ከሰማች ከመሪ ታስነሳኛለች።»

ልጅቷ ባዶውን ብርጭቆ አነሳች። እናቷ ካረፈች ወዲህ ቤቱ ውስጥ የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፤ አንደኛው ደግሞ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ነው። ትምህርት ቤት ስትሄድ ሬዲዮውን ከፍታ ነው የምትወጣው፤ ስትመለስ በሩ ላይ የሰው ድምፅ እንዲቀበላት። ስለ እህል ዋጋ ቢያወራም ግድ የላትም። ጓደኞቿ «ቆይ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሻል?» ሲሏት «አባቴ ይጠብቀኛል» ትላለች፤ የሚጠብቃት ሬዲዮው ነው። አባቷ ሲደውል «በላሽ?» ይላታል፤ «በላሁ።» «በሩን ቆለፍሽ?» «ቆለፍኩ።» ከዚያ ኔትወርኩ ይሄዳል።

የከተማ ውስጥ መስመር እንዲይዝ ስንት ጊዜ ለምናዋለች። «እሱ እንቅልፍ የሚያስይዝ ሥራ ነው» እያለ ያልፋታል። ታዲያ ነገ ብትናገር ለማን ብላ ነው? ለእሱ ጤና ወይስ ቤት እንዲቀርላት? አልጋዋ ላይ ተጋድማ ብታስበውም ሁለቱን መለየት አቃታት። በራሷ አፈረች።

በማግስቱ ዶክተሯ የግፊት መለኪያውን ከአባቷ ክንድ ፈትታ ፊቷን ቅጭም አደረገች። «አሁንም ከፍ ያለ ነው። መድኃኒቱን በየቀኑ እየወሰዱ ነው?»

«እንዴታ! አንድም ቀን አላለፈኝ።»

«እንግዲያው ጠንከር ያለ ላድርግልዎት» ብላ እስክሪብቶዋን አነሳች።

ጠንከር ያለ። ልጅቷ ጠንከር ያለውን ኪኒን ሁለት ሁለት ሲውጠው ታያት፤ ከዚያ መሪውን ሲጨብጥ፣ ከኋላው ያ ሁሉ ሰው።

«አይወስድም» አለች። ድምፅዋ ቀጥኖ ወጣ። «መንገድ ሲወጣ ይተወዋል። ሲመለስ ደግሞ ሁለት ይውጣል። ትናንት ከመቀመጫው ሲነሳ አዞረው።»

አባቷ ግድግዳው ላይ አፈጠጠ። ዶክተሯ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች፤ አልተቆጣችም።

«አባት፣ እዚህች ፍሬ ውስጥ ሁለት መድኃኒት ነው ያለው» አለችው። «አንዱ የደም ሥርዎን ያላላል፣ ሌላው ትርፍ ውሃና ጨው በሽንት ያስወጣል። ሲተዉት ግፊቱ ይወጣል፤ ደርበው ሲውጡት ደግሞ ድንገት ወርዶ ይጥልዎታል። ያመለጠው አመለጠ፤ በማግስቱ በሰዓቱ አንድ ፍሬ ብቻ። ሽንቱ ካስቸገረዎት ደግሞ ለእኔ መንገር እንጂ በራስዎ ማቆም የለም። ያኔውኑ እቀይርልዎት ነበር።»

የደም ምርመራ አዘዘችለት፤ ውሃ የሚያስወጣ የሌለበትን ሌላ ጥምር ኪኒንም ጻፈችለት። «ግፊቱ እስኪረጋጋና ማዞሩ እስኪተውዎት ግን መሪ አይጨብጡም» አለች።

ሲመለሱ አባቷ ከፊት ከፊት ሄደ። ቤቱን ሲከፍቱት ሬዲዮው ብቻውን ያወራል። አባቷ ቀጭ አድርጎ ዘጋው።

«ፈልገሽው አልነበር? ይኸው፣ ቤት ተቀመጥኩልሽ!» አለና አልጋው ላይ ወጥቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ቤት እንዲሆንላት ስንት ጊዜ ተመኝታለች። ይኸው አሁን አለ፤ ቤቱ ግን እሱ መንገድ ላይ ከሆነበት ቀን ይልቅ ጭር አለ። ያኔ ቢያንስ ስልክ ይደወል ነበር። ሳህኖቹን እያጠበች አለቀሰች፤ ውሃው ሲንፏፏ ስለማይሰማ።

ጠዋት ዩኒፎርሟን ለብሳ ልትወጣ ስትል የአባቷ ስልክ ጮኸ። ከአልጋው ዘሎ ሲነሳ ተንገዳገደና የበሩን መቃን ያዘ። ከስምሪት ክፍል ነው፤ አንድ ሹፌር ቀርቶባቸዋል። «ቆይ፣ መልሼ ልደውል» አለና ስልኩን እንደያዘ ቆመ።

ልጅቷ ውሃ ቀድታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ቤት እንድትሆንልኝ እፈልግ ነበር። አልዋሽህም። ትናንት የተናገርኩት ግን ለሱ አይደለም። ሲሻልህ ሂድ፤ ሁለተኛ አልነዘንዝህም። መንገድ ላይ መሆንህን ለምጄዋለሁ።» ብርጭቆውን ወደ እሱ አስጠጋች። «እንደ እማዬ መቅረትህን ግን አልለምደውም።»

አባቷ ስልኩን አስቀመጠ። ከዚያ መዳፉን ዘረጋላት። አዲሱን ኪኒን ከማሸጊያው ፈልቅቃ አስቀመጠችለት።

«አንድ ብቻ?»

«አንድ ብቻ።»

«ለራስ ሲቆርሱ…» ብሎ ጀመረና ተወው። ዋጠው፤ ቀስ ብሎም ተቀመጠ። ከዚያ ስልኩን አነሳ።

«ጥይቱ ነኝ» አለ። «ለጊዜው ሌላ ሰው ፈልጉ። ሐኪም አቁሞኛል።» በዓይኑ ጠርዝ አያት። «አዎ፣ ጥይትም ይቆማል። አንዷ ሐኪም ዩኒፎርም ለብሳ ፊቴ ተገትራለች።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አነገተች። ሲሻለው እንደሚሄድ ታውቃለች፤ ቃሏን ሰጥታዋለች። በሩ ጋ ስትደርስ እንደ ልማዷ ሬዲዮውን ልትከፍት እጇን ሰደደች። ከዚያ ተወችውና ወጣች።